ጎባ ላይ የተከሰሰችው ላም

የበረዶ ሳጥኔን ታቅፌ ከአዲስ አበባ በማለዳ ተነሣሁ። ጎባ ውስጥ በአንድ የክርስትና ድግስ ላይ አይብ የበሉ እንግዶች ሲያስመልሳቸው ነበር፤ ደግነቱ ሁሉም ድነዋል። ባክቴሪያ ምግብ ውስጥ የሚተወውን መርዝ መፈለግና የትኛው መድኃኒት ባክቴሪያውን እንደሚገድል መፈተሽ የእኛ ቤተ ሙከራ ሥራ ስለሆነ ተላክሁ። እኔ እንደሆንሁ ከቢሮ ወንበር የባሌ ብርድ ይሻለኛል።

አሰላ ላይ ትኩስ ፍርፍር በላን። ከዶዶላ ወዲያ ገብሱና ስንዴው ዓይን እስኪደክም ተዘርግቷል። ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘን መንገድ ዳር ቆሞ ሾፌሩ ቢያቀዘቅዝለትም፣ ንቆን ሣሩን መጋጡን ቀጠለ። ሮቤ በዝናብ ተቀበለችን።

ጎባ

በማግስቱ በሚኒባስ ጎባ ወጣሁ። የደጋሹ የአቶ ተሰማ ቤት፣ አያታቸው ከመንዝ መጥተው በሰፈሩበት ግቢ ውስጥ ነው። ሰውየው አንድ ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለዋል።

«አካም ጅርታ ዶክተር! ጥፋተኛዋ ዳለቻ ናት። ቅዳሜ ሥጋ ነጋዴው ይወስዳታል» አሉኝ፣ ግራጫ ላማቸውን እያሳዩ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ እንባ አቀረሩ። «እናቷ ሞታባት በእጄ ያሳደግኋት ናት። ሳትመረምር እንዳታስፈርድባት፣ ልጄ።»

ለወተቱ ናሙና ከጀርም ያጸዳኋቸውን ጠርሙሶች ለወይዘሮ አስካለ ሰጥቼ እጄን ልታጠብ ወጣሁ። ስመለስ ጠርሙሶቹ ሁሉ በወይራ ጭስ ታጥነው ጠቁረዋል።

«ባልታጠነ ዕቃ ለእንግዳ ወተት ይታለባል እንዴ? ነውር ነው!» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

ጭሱ ራሱ ጀርም ስለሚገድል ውጤቱን ማንም እንደማያምነው ነገርኋቸው። «ውይ በሞትኩት! ልታደጋት ብዬ ላሳርዳት ነበር!»

ሳቄ አመለጠኝ። ደግነቱ ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ትርፍ ጠርሙስ ነበረኝ። ጓንት አጥልቄ ራሴ አለብሁ፤ ዳለቻም በጅራቷ ፊቴን ገርፋ አመሰገነችኝ። ከተረፈው አይብም ወሰድሁ።

«አይቡን ማን ነው ያሸው?»

«እኔ ነኛ! በዚህ ቤት አይብ በቅመም የማሸው እኔ ነኝ» አሉ አቶ ተሰማ በኩራት። ጣታቸውን አስፈትቼ ከቁስሉ በጥጥ ናሙና ስወስድ ግን ተቆጡ።

ሮቤ

በከተማዋ ቤተ ሙከራ ሲመረመር ወተቱ ነጻ ወጣ። መርዙ የተገኘው አይቡ ውስጥ ነው፤ እዚያ ያገኘነው ባክቴሪያም ከጣታቸው ቁስል ከወሰድነው ጋር አንድ ዓይነት ሆነ። ባክቴሪያው በበቀለበት ሳህን ላይ የተለያየ መድኃኒት ውስጥ የተነከሩ ትናንሽ ወረቀቶች አኑረን ነበር። አቶ ተሰማ በራሳቸው ገዝተው ሲውጡት በነበረው መድኃኒት ዙሪያ ጀርሙ እንደልቡ ተስፋፍቷል፤ በሌላው ዙሪያ ግን ድራሹ ጠፍቷል።

ቅዳሜ ጎባ ስደርስ ነጋዴው ዳለቻን በገመድ ይዞ በሩ ላይ ነበር። ውጤቱን ነገርኋቸው። አቶ ተሰማ ጣታቸውን አዩ፤ ላሚቱን አዩ።

«እንግዲያው የምወሰደው እኔ ነኛ!»

«አንተን ማን ይገዛሃል?» አሉ ወይዘሮ አስካለ፣ ገመዱን ከነጋዴው እጅ እየተቀበሉ። «ይልቅ ጤና ጣቢያ ሂድ!»

አዲስ አበባ ስገባ ባለቤቴ የጉዞዬን ፍሬ ጠየቀችኝ። ስለ መርዙም ስለ መድኃኒቱም ብዙ የምለው ነበረኝ፤ አፌ ላይ የመጣው ግን «አንዲት ላም ከቢላዋ አስጥያለሁ» የሚለው ብቻ ሆነ። በሥራዬ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።