«እግዜር ያውቃል» የሚባለው የይለፍ ቃል

በማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር የሚነካ ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት የይለፍ ቃል አንድ ነበር፤ እሱም «እግዜር ያውቃል» የሚል ነው። የቤቱ ባለቤት ናቸው ያወጡት። የመጀመሪያው ኮምፒውተር የገባ ጊዜ የወንድማቸው ልጅ «ጋሼ፣ ፓስወርዱ ምን ይሁን?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ቀለም የነካ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «እኔ ምን አውቄ፣ እግዜር ያውቃል» አሉት። እሱም እንደታዘዘው ጻፈው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሠራተኛ በገባ ቁጥር ፓስወርዱን ይጠይቃል፤ «እግዜር ያውቃል» ይባላል፤ ተቀይሞ ወደ ወንበሩ ይመለሳል፤ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ነገሩ የገባው ለታ ግን ያው አዲሱ ሰው የቤት ልጅ ሆኗል።

ያን ቃል የጻፈው የወንድም ልጅ ዛሬ ከጆሮው በላይ ሸብቷል። ሠራተኛው «ኮምፒውተሩ» ይለዋል። «ኮምፒውተሩን ጥሩልኝ፣ ኮምፒውተሩ ተበላሸ» ሲባል የትኛው እንደታመመ ለመለየት ጥቂት ማሰብ ያስፈልጋል። አባቱ ሲሞት አጎቱ እጁን ይዘው አመጡት። ከመቁረጫ ማሽኑ በላይ ባለችው ክፍል፣ ወለሉ በማሽኑ ምት ከሥሩ እየተንቀጠቀጠ አደገ። ተማረ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ተመረቀ፤ ሲመለስ ያችው ክፍል ቢሮ ሆና ጠበቀችው። ካሳደገ ቤት መሰናበቻ የሚሆን ቃል ማግኘት ከባድ ነው። «ሄድኩ» ያለ ከዳ ይባላል፤ «ልሂድ?» ያለውን ደግሞ ማን ደፍሮ ሂድ ይለዋል?

እሱ ግን ደፍሮ ጠይቆ ነበር። ሚስቱ ነርስ ናት፤ ወደ ሌላ ከተማ ከተዛወረች ቆይታለች፤ ልጃቸውንም ይዛ ነው የሄደችው። እዚያ ልጅቷ የምትማርበት ትምህርት ቤት፣ ትምህርት ሲከፈት ኮምፒውተር እንዲያስተምር ቃል ገብቶለታል። አጎቱም አልከለከሉትም።

«ሂድ እንጂ ልጄ፣ ትዳር እኮ ነው» አሉት። «ብቻ ይቺን የፈተናዋን ነገር መልክ አስይዝልኝና ሂድ።»

የፈተናው ነገር እንዲህ ነው። ማተሚያ ቤቱ ለአንድ የትምህርት ቤቶች ማኅበር ፈተና ያትማል። ፈተናው ክላውድ በሚሉት፣ ማለትም ሩቅ ቦታ ባለ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፤ በኢንተርኔት እየተከፈተም ይታረማል። ዘንድሮ ማኅበሩ «ይህን የሚጠብቅ ሶፍትዌር ካልገዛችሁ ፈተናውን አንሰጣችሁም» አለ። የመቁረጫው ባለሙያ ክላውድ ማለት ደመና መሆኑን ሲሰማ፣ «ታዲያ ለደመና ዘበኛ ምን ያደርግለታል? ጃንጥላ ግዙ» ብሎ አሳቀ።

ሻጩ መጣ። የወረቀት ብናኝ ላይ እንዳይቀመጥ ወንበሩን በመሐረብ የሚጠርግ፣ ትሑት ወጣት ነው። ሁለት ዕቃ አቀረበ።

«አንደኛው የውጭ በር ላይ የሚቆም ነው» አለ። «እንግዳ ነገር ሲያይ ይጮሃል። እናንተ ውስጥ እንደ ድሯችሁ ትኖራላችሁ። አንዴ ከተተከለ የሚያስታምመው ሰው አይፈልግም። ሁለተኛው በየክፍሉ በር የሚቆም ነው። ለያንዳንዱ ሰው የራሱ ቁልፍ ይሰጠዋል፤ የሚከፍትለትም የሥራውን ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ላለፈ ነገር ኃላፊው በስልኩ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል።» ከዚያ እስክሪብቶውን አወጣ። «ለመሆኑ አሁን ፓስወርዱን የሚያውቀው ማነው?»

«እግዜር ያውቃል» አሉ እትዬ። የባለቤቱ ሚስት ናቸው፤ የቤቱም ገንዘብ ያዥ።

«የምሬን ነው የጠየቅኩት፣ እትዬ።»

«እኛም የምራችንን ነው የመለስነው፣ ልጄ።»

ኮምፒውተሩ በልቡ የመጀመሪያውን መርጦ ጨርሷል። ተክሎት መሄድ ነው። ከሰዓት በኋላ ለአጎቱ ሊነግራቸው ደረጃውን ሲወርድ፣ ከሌላ ድርጅት ወረቀት ጭኖ የመጣ አውራጅ በጥቅሉ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ አገኘው። ምን እንደገፋው አያውቅም፣ ጠየቀው።

«የኛን ፓስወርድ ታውቀዋለህ እንዴ?»

«እግዜር ያውቃላ!» አለ ሰውየው እየሳቀ። «ሰፈሩ ሁሉ ዋይፋያችሁን የሚከፍተው በምን ሆነና?»

እሱ አልሳቀም። መንገዱን ተሻግሮ ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ገባና በገዛ ስልኩ ሞከረው። ያችው ቃል አስገባችው። የአምናው ፈተና አንደኛ ጥያቄ ከሻይ ብርጭቆው አጠገብ ፍንትው ብሎ ወጣ። የውጭ በር ዘበኛ እዚህ ምን ይሠራል? በቁልፍ ለገባ ሰው ዘበኛ ይነሳለታል እንጂ አይጮህበትም። የመጀመሪያውን ቢመርጥ ማኅበሩ ዝም ይላል፣ እሱም ይሄዳል፤ ሌላ ከተማ ሆኖ ልጆችን «መጠንቀቅ ማለት እንዲህ ነው» ብሎ ያስተምራል። ሻዩ ቀዘቀዘበት። ሲነሳ የመረጠው ሁለተኛውን ነበር። ሰው የመረጠ የሚመስለው አንዳንዴ ሌላው መንገድ ስለጠፋበት ነው።

አጎቱ የእርሳስ ፊደል በእጅ እየተለቀመ ይታተም ከነበረበት ዘመን ጀምሮ የቆዩ የማተሚያ ሰው ስለሆኑ፣ ከማመናቸው በፊት ማንበብ፣ ከማንበባቸው በፊት ቀይ እስክሪብቶ መያዝ ልማዳቸው ነው። ስለዚህ ሐሳቡን በአማርኛ ጻፈላቸው። ሁለተኛው ሶፍትዌር የተሠራበት መርሕ «ዜሮ ትረስት» ይባላል። ሲያገላብጠው ቆየና «እምነት የለሽ አሠራር» ብሎ ተረጎመው። በእንግዳው ቋንቋ ንጹሕ የነበረው ነገር በገዛ ቋንቋው ስድብ ሆኖ መውጣቱን ያየው የአጎቱ እስክሪብቶ ቃሉ ላይ ሲቆም ነው።

«እምነት የለሹ ማነው?» አሉ።

«አሠራሩ ነው ጋሼ። ሳያረጋግጥ ማንንም አያምንም ለማለት ነው።»

«እትዬንም?»

«እትዬንም።»

«እኔንስ?»

ከሥር መቁረጫው አንድ ጥቅል ወረቀት ቆረጠ፤ ወለሉ ተንቀጠቀጠ።

«ማን ምን እንደሚከፍት እርስዎ ይወስናሉ፣ ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ። «ከዚያ እኔ ስሄድ ቁልፉን የሚረከብ አንድ ሰው ይሰይማሉ።»

«በዚህ ቤት ለአንዱ ሰጥቼ ሌላውን ልንሳ? ምሳ ላይ በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?» አጎቱ «እምነት የለሽ» የሚለውን ሰርዘው፣ በዚያ ፊደል ለቀማ በለመደ እጃቸው «የሚታመን ሰው ያለበት» ብለው ከላዩ ጻፉና ፈረሙ። «አንተ ያዘው። አንተ ብትከለክለኝ አልቀየምም፤ ሌላው ግን ቢከለክለኝ እቀየማለሁ። እግዜር ያውቃል፣ ውሸት አልናገርም።»

«ትምህርት ሊከፈት ነው እኮ፣ ጋሼ።»

«ሂድ ብዬሃለሁ፣ ቃሌ ቃል ነው። ማንም ሳይቀየም ቁልፉን የምሰጠው ሰው አግኝልኝና ነገውኑ ሂድ።»

ፈለገ። መቁረጫው ጋ ሄደ።

«ከሰው ልታጣላኝ ነው?» አለው ባለሙያው። «እኔ ወረቀት ነው የምቆርጠው፣ ወዳጅ አልቆርጥም።»

እትዬን ለመናቸው።

«ባሌን ‹አይፈቀድም› ልበለው? በስተርጅና?» አሉና ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ትዳርህን ልታድን የኔን ልታፈርስ።»

የቤቱ ጽሑፍ አራሚ «አስብበታለሁ» አለና ከዚያ ወዲያ ባየው ቁጥር ወደ ቀለም መጋዘኑ ይገባ ጀመር። ማንም ቁልፍ መያዝን አልጠላም፤ የጠሉት መከልከልን ነው። እሱም አልፈረደባቸውም። የተቆለፈበት ቢሆን ሰብሮ ይወጣ ነበር፤ ክፍት በር ግን በምን ይሰበራል? አጎቱ ጠዋት ጠዋት «እህ፣ አገኘህልኝ?» እያሉ ከልባቸው ይጠይቁታል። ከልባቸው መሆኑ ነው ይበልጥ የሚያንቀው።

ሶፍትዌሩ ተተከለ። «እግዜር ያውቃል» ተሰረዘ። ማኅበሩ ፈተናውን ሰጠ፣ ሥራው ያለ እንከን ተጀመረ። አጎቱ ማን ምን እንደሚከፍት ስላልወሰኑ ሁሉም ፈቃድ የሚጠይቀው እሱን ነው፤ ስልኩም እንደ ሕፃን አላስተኛ አላስቀምጥ አለው፤ እትዬ የደመወዙን ገጽ ሲከፍቱ ይጮሃል፣ አራሚው ገጽ ሲያዞር ይጮሃል። ሰሞኑን አንዲት አዲስ ሠራተኛ ገብታ ፓስወርዱን ጠየቀች።

«ኮምፒውተሩ ያውቃል» አሏት።

«እኮ ኮምፒውተሩማ ያውቃል፣ እኔ ነኝ የማላውቀው» አለች፤ ቤቱም እንደ ድሮው በሳቅ ፈረሰ። እሱም ከላይ ሆኖ ሰማ።

ትምህርት የተከፈተ ዕለት ማታ ልጁ ደወለች። አዲስ የኮምፒውተር አስተማሪ እንደመጣላቸው፣ ወጣት እንደሆነ፣ ቶሎ ቶሎ እንደሚያወራ ነገረችው። «ጎበዝ ነው?» ብሎ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ስልኩ ጆሮው ላይ ተንቀጠቀጠ፤ አጎቱ የፈተናውን የሽፋን ገጽ ለማየት እየለመኑ ነው። ይፈቀድ? ይከልከል? ስልኩን ከጆሮው አውርዶ «ይፈቀድ» የሚለውን ነካ። ሶፍትዌሩ ለማረጋገጥ «እርስዎ ነዎት?» ብሎ ሲጠይቀውም «አዎ» አለ።

«አባዬ፣ አለህ?» ትላለች ልጅቷ ከሩቅ። «አባዬ?»

ስልኩን መልሶ ጆሮው ላይ አደረገ።

«አለሁ፣ እናቴ» አላት። «የት ሄጄ።»