ማን ሞተ የሚል ሰፈር

ቬርነር ሲደውል ቦዲል ፖም እየላጠች ነበር። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል አጣብቃ፣ ቢላውን ከእጇ ሳታወጣ አናገረችው።

«ቦዲል፣ ተቀምጠሻል?»

«ቆሜ ነው። ምን ሆነሃል?»

«እንግዲያው ተቀመጪ።»

አልተቀመጠችም።

«ኤስተር ዛሬ ጠዋት ሞታ አገኘናት» አላት።

ቦዲል በመስኮቱ አሻግራ ግቢዋን አየች። የፖሙ ዛፍ ሥር የወደቀውን ፍሬ ወፎች እየነቆሩት ነው። «ማን አገኛት?» አለች።

«ፊት ለፊቷ ያለችው አግነቴ ናት። የኤስተር መጋረጃ እንደተዘጋ ሲረፍድባት እንቁላሏን እሳት ላይ ትታ ሮጠች። ምርኩዝ ይዞ መሮጥ ከተባለ ማለቴ ነው። በእንቅልፏ ነው ያለፈችው፣ ሰውነቷ እንኳ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።»

ቦዲል ስለነገራት አመሰገነችው። ስልኩን አስቀመጠችና የቀረውን ፖም ልጣ ጨረሰች፤ ተጀምሮ የተተወ ፖም ይጠቁራል።

ሁለቱ ሴቶች በዴንማርኳ ፎቦርግ ከተማ ባንድ ትምህርት ቤት ነው ያረጁት፤ ኤስተር መዝሙር፣ ቦዲል ስፌት እያስተማሩ። ሥራ ያቆሙ ሰሞን ተያይዘው ሞለቫንግ ወጥተው ተራ ያዙ። ሞለቫንግ ከወደቡ በላይ ያለ ግቢ ነው። ትናንሽ ቤቶች ክብ ሠርተው ቆመዋል፣ መሃላቸው ትልቅ ማዕድ ቤት ያለው የጋራ ቤት አለ። ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ሰዎች የየራሳቸውን በር ይዘው ይኖሩበታል፤ ራት ግን አብረው ይበላሉ። መጦሪያ ነው ያለ ሰው ከቬርነር ጋር ይጣላል። «መጦሪያ ማለት ሰው የሚያበስልልህ ነው» ይላል። «እኛ ጋ አንተው ታበስላለህ፤ ካሳረርክ ደግሞ እስክትሞት ይነሳብሃል።»

የኤስተር ተራ ሲደርስ ኤስተር ገባች። የቦዲል ሲደርስ ባሏ ኤይናር እምቢ አለ። «እኔ ከሽማግሌ ጋር ልኖር?» አለ፤ ያኔ ሰማንያ ዓመት አልፎታል። ቦዲል አልተከራከረችውም። ተራዋን ለሌላ ሰው ለቀቀች፣ ስሟ ግን መዝገቡ ላይ እንዳለ ቆየ። ከአራት ክረምት በፊት ኤይናር ሲሞት በግቢያቸው ምሰሶ ላይ ባንዲራውን ብቻዋን ሰቀለች። እንደ ወጉ መጀመሪያ እስከ ጫፍ አወጣችው፣ ከዚያ እስከ አጋማሽ ዝቅ አደረገችው። ከቀብር ስትመለስ እንደገና ጫፍ አደረሰችው። ከዚያ ወዲህ ያ ባንዲራ ከሳጥን አልወጣም።

ኤስተር የተቀበረች ዕለት በሞለቫንግ ማዕድ ቀረበ። ቬርነር ድሮ የጀልባ ካፒቴን ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የግቢው ሰብሳቢ እሱ፣ በልደትም በሀዘንም ባንዲራ ሰቃይም እሱ ነው። ሳህኑን እንደያዘ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«የኤስተር ቤት ተራው ያንቺ ነው» አላት። «እሑድ መልስ እንፈልጋለን።»

«አፈሩ ሳይደርቅ?»

«እዚህ አገር አፈር መቼ ደርቆ ያውቃል?» አለና ሹካውን አስቀመጠ። «እኔም አልወደድኩትም፣ ቦዲል። ግን ካንቺ ቀጥሎ የሚጠብቅ ሰው አለ። ሐሙስ ነይና አብስዪልን። ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

ደንቡን ታውቀዋለች። ሞለቫንግ ለመግባት የሚያስብ ሁሉ እሺ ወይም እምቢ ከማለቱ በፊት አንድ ራት ለግቢው በሙሉ ያበስላል። ከዚያ አብሯቸው ይበላል፣ ዕቃውንም አብሯቸው ያጥባል። እነሱ እሱን ያዩታል፣ እሱም እነሱን ያያል።

ረቡዕ ልጇ ትሮልስ የጣሪያዋን አሸንዳ ሊጠርግ መጣ። ከመሰላሉ ሳይወርድ ጀመራት።

«እማዬ፣ ያ ደረጃ አንድ ቀን ይገድልሻል።»

«ደረጃውን የሠራው አባትህ ነው።»

«አባዬ የሠራው ደረጃ ሰው አይጥልም?»

«እስካሁን ጥሎኝ አያውቅም። እዚህ የሌሊት ልብሴን እንደለበስኩ ግቢ ብወጣ የሚያየኝ የለም። እዚያ መጋረጃዬን ካልገለጥኩ በር ከፍተው ይገባሉ።»

«መግባታቸው አይደል እንዴ ጥሩው?»

 የወረደውን ቅጠል በባልዲ እየሰበሰበች ቆየችና «እዚያ ያለው ሁሉ ያረጀ ነው፣ ትሮልስ» አለች። «ከሁሉም ጋር እላመዳለሁ። ከዚያ በየዓመቱ አንድ አንድ እያልኩ ልቀብር ነው?»

ትሮልስ ከመሰላሉ ወርዶ እጁን ታጠበ። ከመሄዱ በፊት የመንገዱን ቤቶች ዞር ብሎ አያቸው። የኮፐንሃገን ሰዎች የበጋ ቤቶች ናቸው፤ በጋው ሲያልፍ የመስኮቶቻቸው መዝጊያ ይወርዳል። እስከ ፋሲካ ድረስ በዚያ መንገድ መብራት የሚበራው ቦዲል ቤት ብቻ ነው።

እሱ ከሄደ በኋላ ትልቁን የምግብ ጠረጴዛ በሲባጎ ለካች። የኤይናር አባት የሠራው ወርካ የሚያህል ከባድ ጠረጴዛ ነው። ከጫፍ ጫፍ ያለውን ርዝመት ቋጥራ ሲባጎውን ኪሷ ከተተች።

ሐሙስ ፖሙን በብስክሌቷ ቅርጫት ጭና ወጣች። ዳገቱ ላይ ከብስክሌቱ ወርዳ እየገፋች ነው። የመጨረሻውን ጥምዝ ስትዞር የሞለቫንግ ምሰሶ ታያት፤ ባንዲራው ዝቅ ብሏል። ከአጋማሹ ላይ ተንጠልጥሎ ይውለበለባል።

 ብስክሌቱን አቁማ ማን ይሆን አለች። ቬርነር? ትናንት ማታ ደውሎ ስለ ሥጋው አነጋግሯታል። አግነቴ? ያቺ ምርኩዛም? በቀብሩ ዕለት የሚስል አንድ ረጅም ሰውዬ ነበር፣ ስሙን እንኳ አታውቀውም። እሱ እንዳይሆን ብላ ተመኘች። ለማታውቀው ሰው እንዲህ መጨነቋ ራሷን ገረማት። የቀረውን ዳገት እያለከለከች ጨረሰችው።

ምሰሶው ሥር ቬርነርና አግነቴ ቆመው ይጨቃጨቃሉ። ረጅሙ ሰውዬም ጥግ ላይ ቆሞ ይስላል።

«ማን ሞተ?» አለች ቦዲል።

«እኔ!» አለች አግነቴ ምርኩዟን እያወዛወዘች። «ዘጠና ዓመት ሙሉ ሳልሞት ቆይቼ፣ በልደቴ ቀን ይሄ ሰውዬ ገደለኝ!»

«ትከሻዬ ነው ባክሽ!» አለ ቬርነር ፊቱ ቲማቲም መስሎ። «እስከዚያ ድረስ ወጣ፣ ከዚያ ክንዴ እምቢ አለኝ።»

«ታዲያ ሰው አትጠራም?»

«ሃያ ዓመት የሰቀልኩትን ባንዲራ ሰው ልጥራበት?»

«አልጠራም ብሎ እኔን ለመቃብር ጠራኝ! ቦዲልዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። በመንገድ ያለፈ ሁሉ አይቶ እየደወለ ነው። በዕድሜ ትልቋ ሞተች ብለው ነው መሰል፣ እኔ ሃሎ ስል ይደነግጣሉ። ዳቦ ጋጋሪውማ ‹ለአግነቴ የታዘዘው ኬክ ይቅር እንዴ?› አለኝ። ‹ማን ልበል?› ቢለኝ ‹አስከሬኗ ነኝ› አልኩት፤ ስልኩን ጣለው።»

ረጅሙ ሰውዬ ሳሉና ሳቁ ተደባለቁበት። ቦዲልም ሳቀች፤ ኤስተር ካለፈች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ቅርጫቷን አስቀመጠችና «እስቲ ዞር በል» አለች ቬርነርን። ገመዱን ከላይ እሷ፣ ከታች እሱ ይዘው ሳቡት። ባንዲራው ጫፍ ሲደርስ ቬርነር ገመዱን ቋጠረ። ትከሻውን ሲያሽ አየችውና ያላየች መሰለች።

ማዕድ ቤቱ በር ጀርባ የሽርጥ መስቀያዎች ተደርድረዋል፤ በየመስቀያው ላይ ስም አለ። የኤስተር ሰማያዊ ሽርጥ እንደተሰቀለ ነው፣ ኪሱ ላይ ዱቄት አለበት። «እሱን አንነካውም» አለች አግነቴ ድንች እየላጠች። «ቤቱን የሚረከበው ሰው የበፊቱን ሰው ሽርጥ ያወርዳል፣ የራሱን ይሰቅላል። እኔም የቀዳሚዬን እንዲሁ አውርጃለሁ።» ቦዲል ከቤቷ ያመጣችውን ሽርጥ አሰረችና የአሳማውን ሥጋ ጠበሰች። በስቡ ፖሙንና ሽንኩርቱን አበሰለች፣ ጥቁር ዳቦ ቆረሰች።

ሲቀመጡ ባዶ የነበረው አንድ ወንበር ነው። ቦዲል ድስቱን ይዛ ቆመች።

«እዚያ አልቀመጥም» አለች ቀስ ብላ።

«ለምን?» አለች አግነቴ። «የኤስተር ነው ብለሽ ነው? ከኤስተር በፊት ባሌ ነበር የሚቀመጥበት። ከባሌ በፊት የቬርነር እህት። ወንበሩ የማንም አይደለም፣ አንዱ እግሩ ብቻ ይወላገዳል። ወደ ግራ አትደገፊ።»

ቦዲል ተቀመጠች። እውነትም እግሩ ይወላገዳል።

«ጨው አንሶታል» አለ ቬርነር ጎርሶ።

«ኤስተር ስታበስል ይበዛ ነበር» አለ ረጅሙ ሰውዬ። «አሁን ተስተካከለ።»

ከዚያ ለአግነቴ የልደት መዝሙር ሊዘምሩ ተነሱ። ሁሉም አፉን ከፍቶ ጠበቀ። ድምፁን አንስታ የምትሰጣቸው ኤስተር ነበረች።  ከዚያ ቬርነር ራሱ ጀመረው፤ በጣም ቀጭን አድርጎ ስላነሳው ከሁለተኛው ስንኝ ላይ የሚደርስበት ጠፋ።  እስከ መጨረሻው እንደምንም ዘመሩት፣ ቦዲልም አብራ ዘመረች።

ሳህኑ ከታጠበ በኋላ ቬርነር የኤስተርን ቤት ቁልፍ ሰጣትና ብቻዋን ገባች። የኤስተርን ዕቃ ልጆቿ ወስደውታል። ደረጃ የለውም፤ ከአልጋ እስከ ማዕድ ቤት ጥቂት እርምጃ ነው፣ ሙቀቱም ደህና ነው። ሲባጎዋን ከኪሷ አውጥታ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ዘረጋችው። ቋጠሮው ከበሩ ውጭ ቀረ። ጠረጴዛው አይገባም።

መስኮቱ ጋ ስትቆም ማዶ የአግነቴ መስኮት ፊት ለፊቷ ነው። አግነቴ ከውስጥ ሆና እጇን አወዛወዘችላት። ቦዲል ወደኋላ አለች። እዚህ ቤት መስኮት ጋ ቆሞ ማልቀስ አይቻልም ማለት ነው ብላ አሰበች። ትንሽ ቆይታ ተመለሰችና እሷም እጇን አነሳች።

እሑድ ጠዋት ለትሮልስ ደወለችለት። ስለ ባንዲራው ስታወራው ትንፋሽ እስኪያጥረው ሳቀ። እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«አባትህ ሲሞት እኔም ባንዲራውን ዝቅ አድርጌ ሰቅዬ ነበር» አለች።

«አዎ፣ አይቼዋለሁ።»

«እስከ ቀብሩ ድረስ እንደዚያ ነበር። በዚህ መንገድ ላይ አንድም ሰው መጥቶ ማን ሞተ አላለኝም።»

 «ይህን አልነገርሽኝም» አለ ትሮልስ።

«ባንዲራው ይናገር የለ? የሚያይ ቢኖር።» ከዚያ ቀጠለች። «አግነቴ ሳትሞት ከተማው ሁሉ ደወለላት።»

«እማዬ፣ በየዓመቱ ሰው ልቀብር ነው ብለሽኝ ነበር።»

«አሁንም እሱን እፈራለሁ። እሱ አልቀረልኝም» አለች። «ጠረጴዛውን ትወስደዋለህ?»

«የኔም ቤት አይገባም።»

«አውቃለሁ። እንዲያው ልጠይቅህ ብዬ ነው።»

ወዲያው ለቬርነር ደወለች። «እሺ» አለችው።

«እሺ ሰማሁ ነው ወይስ እሺ እመጣለሁ?»

«እመጣለሁ ነው። ግን ጠዋት ደስ እስኪለኝ እተኛለሁ።»

«ተኚ። እኛም ደስ እስኪለን ጠብቀን እንገባለን።»

ክረምቱ ሳይጠና ገባች። ቤቷን የገዙት ሰዎች ጠረጴዛውን አብረው ወሰዱት፤ ደረጃውን ይቀይሩታል ተብሏል፣ ሄዳ አላየችውም። በበዓል ቀን ቬርነር ሳይጠራት ወደ ምሰሶው ትወጣለች፣ ገመዱን አብራው ትስባለች፤ እሱም ለምን መጣሽ አይላትም። ጠዋት ጠዋት መጋረጃዋን ከመግለጧ በፊት ማን ሞቶ ይሆን ብላ በቀዳዳው የምሰሶውን ጫፍ ታያለች።

ሽርጧን የኤስተር መስቀያ ላይ አንጠልጥላዋለች። አግነቴ ሁለት ጊዜ ደንቡን አስታውሳታለች፣ ቦዲልም ሁለቴ እሺ ብላለች። ሰማያዊው ሽርጥ ከሷ ሽርጥ ሥር እንዳለ ነው። እስካሁን አላወረደችውም።