ቧንቧ ሠራተኛው የመረጠው ፕሮሰሰር

ሰፈሩ «ኢንጂነር» ይለዋል። ኢንጂነር አይደለም፤ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። በእጁ ሥራ የሚያማው የለም፣ የሚታማው በምላሱ ነው። አንዲት ደንበኛ «ውሃ ጠፋብኝ» ብላ ትጠራዋለች፤ ሄዶ ሲያይ ቫልቩ ተዘግቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ከፍቶላት ይሄድ ነበር። እሱ ግን ቀስ ብሎ ቀና ይልና፣ «እመቤት፣ መጀመሪያ ከየት እንደሚመጣ ማየት አይቀድምም?» ይላታል። ይህንኑ እራት ላይ ለሚስቱ ይተርክላታል፣ የሴትዮዋን ፊት ሳይቀር እየቀዳ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ያለው ኮሪደር ላይ ነው፤ ወደ መታጠቢያ ቤት የሚያልፍ ሁሉ የዘረጋችውን ጨርቅ እየረገጠ ነው የሚያልፈው። ቤቱ ውስጥ አንዲት ትርፍ ክፍል አለች፣ መስኮቷ ሰፊ፣ ብርሃኗ ለመርፌ የሚመች። ይቺን ክፍል ደግሞ ኢንጂነር ለኮምፒውተሩ ይዟታል። ኮምፒውተር ስላልኩ የሚሠራ እንዳይመስላችሁ። ለጌም ብሎ የገዛው፣ ምስል ወደ ስክሪን የሚልከው አዲስ ግራፊክስ ካርድ ከነካርቶኑ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ሦስት ወሩ ነው። ሰውዬው አብሮት የሚሄድ ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተሩን አንጎል፣ መምረጥ አቅቶታል።

«ካርዱን ታንከር በይው፣ ፕሮሰሰሩን ፓምፕ» ይላታል። «ፓምፑ ከደከመ ታንከሩ ባዶውን ይቀራል።»

«እኔ ደግሞ ኮሪደር ላይ እቀራለሁ» ትለዋለች።

ደብተር ገዝቶ ሠንጠረዥ አሰመረ። ቪዲዮ አየ። አንዱን መርጦ ሲጨርስ የሚበልጠው መጣ የሚል ወሬ ይሰማና ገጹን ቀድዶ ይጥላል። በመጨረሻ ሱቅ ሲሄድ ባለሱቁ ሁለት ፕሮሰሰር አወጣለት። በጉልበት እኩል ናቸው፤ ልዩነታቸው አንደኛው ያለ ካርድም ቢሆን በራሱ ስክሪን ላይ ምስል ማውጣት መቻሉ ነው።

«ካርድ ካለዎት ይሄ ርካሹ ይበቃዎታል፣ ጋሼ» አለው።

«ጎደሎ ዕቃ ቤቴ አላስገባም» አለ ኢንጂነር ደረቱን ነፍቶ፣ ውዱንም ይዞ ሄደ።

ፕሮሰሰሩንም ካርዱንም ገጣጠመ፤ ስክሪኑ በራ። ያን ቀን በደስታ መሬት አልረገጠም። ጌሙን ሲከፍት ግን የውድድር መኪናው መሄድ ትቶ ይንፏቀቅ ጀመር። አንድ እርምጃ፣ ቆም። አንድ እርምጃ፣ ቆም። ሌላው ቢሆን አንድ ነገር ተሳስቻለሁ ይላል። የእኛ ሰው ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? «ፓምፑ ደክሟል፤ ከዚህ የሚበልጥ ፕሮሰሰር ያስፈልጋል» ብሎ አዲስ ገጽ አሰመረ።

ሚስቱ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ስማኝ፣ እስከ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ካልሠራ ክፍሏ የእኔ ናት። ከሠራ ደግሞ ሁለተኛ ስሟን አላነሳም።»

«በቃ፣ ተስማምተናል» አላት አፉን ሞልቶ።

ሳምንቱን ሙሉ ያልነካካው ነገር የለም። ፕሮሰሰሩን ነቅሎ ተከለው፣ ጠርጎ መለሰው፣ ያለ ስሙ ስም ሰጠው። ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል ሚስቱ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ገባች። የስፌት ጠረጴዛዋ የሚቆምበትን ግድግዳ ለመለካት ኮምፒውተሩ ጀርባ ጎንበስ አለች፤ ጎንበስ እንዳለችም ቀረች።

«የዚህ ካርድህ ቀዳዳዎች ክዳናቸው ለምን አልተነሳም?»

«የቱ ክዳን?»

«ሦስቱም እንደተደፈኑ ናቸው። የስክሪኑ ገመድ የት ነው የገባው?»

«ኮምፒውተሩ ላይ ነዋ።»

«ኮምፒውተሩ ላይ የት?»

ኢንጂነር ጎንበስ ብሎ አየና ክው አለ። ገመዱ ካርዱ ላይ ሳይሆን ከላይ ማዘርቦርዱ፣ የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ላይ ነው የተሰካው። ሲንፏቀቅ የከረመውን ምስል የሚያወጣው ያ ጎደሎ ያልሆነው ፕሮሰሰር ብቻውን ነበር። ካርዱ ለስክሪኑ አንዲት ምስል አልላከም። ርካሹን ገዝቶ ቢሆን ስክሪኑ ገና በመጀመሪያው ቀን ይጨልምበትና ስህተቱን ያገኘው ነበር።

እሷ ክዳኑን በጥፍሯ አነሳች፣ ገመዱን ነቅላ ካርዱ ላይ ሰካችው። ጌሙን ሲከፍቱት የውድድር መኪናው ተፈተለከ። ለምሳ ሩብ ሰዓት ይቀራል።

«ሠርቷል፤ ክፍሏ ያንተ ናት» አለች። ሜትሯን ጠቅልላ በሩ ጋ ደረሰችና ዞር አለች። «ጌታዬ፣ መጀመሪያ ከየት እንደሚመጣ ማየት አይቀድምም?»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ስክሪኑ ላይ የውድድር መኪናው ቆሞ ይጠብቀዋል። ከኮሪደሩ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ይሰማል። ጥቂት ቆይቶ ኮምፒውተሩን አጠፋና ተሸክሞት ወጣ፤ ከዚያ ሳይጠየቅ የስፌት መኪናዋን አንስቶ መስኮቱ ሥር አቆመላት። አፍሮ ነበር፣ ቀና ብሎም አላያትም።

ሰኞ ዕለት አንዲት ደንበኛ ውሃ ጠፋብኝ ብላ ጠራችው። ቫልቩ ተዘግቶ ነበር፤ ከፈተላት።

«ምን ሆኖ ነው?» አለችው።

«ያጋጥማል፣ እመቤት» አለና ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ።