ለአካኮ አምቦን የነፈገችው ዘመዴ

«መንቀሳቀስ ከማትችል አሮጊት ጋር ልጄ ክረምቱን ሙሉ ምን ይሠራል?» አለችኝ ዛሬ የአክስቴ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ በስልክ።

አሮጊት ያለቻት አምቦ የተቀመጠችውን የገዛ እናቷን ነው!

ልጁን ዋና አስመዝግባዋለች። በዚህ ዝናብ!

በደርግ ጊዜ እኔና እሷ ክረምቱን የምናሳልፈው ጎጆ ከተማ፣ አያታችን ጋ ነበር። አካኮ እንላቸዋለን። እግራቸው ከመደብ አያስነሳቸውም። ውጭው ጭቃና ብርድ ስለሆነ ድንች እየጠበስን እንቆቅልህ እንጫወታለን።

መልሱ ሲጠፋን «አገር ስጡኝ!» ይላሉ። እኔ ወንጪን እሰጣቸዋለሁ። ከመደባቸው ሳይነሱ ወንጪ ገብተው፣ ጀልባ ተሳፍረው፣ እኔን ሐይቁ ዳር ጥለውኝ ይሄዳሉ። በሳቅ እንሞታለን።

ይቺ የአክስቴ ልጅ ግን የምትኖርባትን አምቦን ላለመስጠት ታለቅስ ነበር። ሁልጊዜ የምትሰጣቸው ጎጆን ነው።

«ኧረ ልጄ፣ ጎጆማ ተቀምጬበታለሁ!» ይሏታል።

ዛሬም ያችው ናት። እናቷንም እዚያው በተቀመጠችበት ትታታለች።

እናንተስ፣ ከመደብ ለማይነሱ አያቶቻችሁ የትኛውን አገር ሰጣችኋቸው? ጻፉ፤ እሷም እያነበበች ነው።