ጀርባውን በራችን ላይ ያከከው ጎሽ

ዛሬ ጠዋት አንድ ጎሽ ጀርባውን በተከራየነው አርቪ (አልጋ ያለው የጉዞ መኪና) በር ላይ ሲያክክ፣ ከነአልጋችን ተወዛወዝን። እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ተንከተከትኩ።

ጎሾች ወዳሉበት ፓርክ ለመሄድ ከክሪስታል ከተማ ስንነሣ ባለቤቴ፣ «መብራትና ውሃ ያለው ከፓርኩ ውጭ ነው፣ እዚያ እንደር» ብላኝ ነበር።

እኔ ግን ካርታውን ራሴ አጥንቼ፣ ፓርኩ ውስጥ ካልሆነ አልሄድም አልኩ። ውስጥ መብራት የለም፤ ውሃም በጀሪካን ነው። አኩርፋኝ ተኛች።

ጎሹ ሲመጣ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሳቅህን ቀንስ! ደንግጦ ይሄድብኛል!» አለችኝ።

አንድ ሰዓት ሙሉ መውጣት አልቻልንም። (ማን ቸኮለ?)

ሲሄድ፣ «ዛሬም እዚሁ እንደር፣ ነገም ይመጣ ይሆናል» አለች።

ትክክል ነበርኩ አላልኳትም። ለእናንተ ግን እላለሁ፦ ትክክል ነበርኩ!

እናንተስ፣ ግትርነታችሁ የሠመረበት ቀን አለ? ጻፉልኝ።