ስኳር ውሃ የጠጣው ቡድን

ሰውየውን ገና ሳየው ናቅሁት። በኋላም ንቀቴን የምቀንስበት ምክንያት አላገኘሁም።

ጠዋት ሰልፍ ላይ ነበር። ባንዲራ ተሰቅሎ ልጆቹ ወደየክፍላቸው ሊገቡ ሲሉ ዳይሬክተራችን «ቆዩ፣ ዛሬ እንግዳ አለን» ብሎ አቆማቸው። የማስተምርባት ትንሽ ከተማ፣ ወገዳ ላይ፣ በዚያ ሰሞን እንግዳ ብርቅ ነበር። መንገዱ ተዘግቶ፣ ትምህርቱም ተቋርጦ ቆይቶ ገና መከፈቱ ስለነበር ከውጭ የመጣ ሰው ሁሉ ምሥራች ይዞ የመጣ ይመስል ነበር። ይሄኛው ኮት በስኒከር ለብሶ፣ ድምፅ ማጉያ ይዞ፣ ራሱን «የስኬት አሰልጣኝ» ብሎ አስተዋወቀ። ማንን በምን ስኬታማ እንዳደረገ አልተናገረም፤ የጠየቀውም የለም።

«ሐኪም መሆን የምትፈልጉ እጅ!» አለ። ሜዳው ሁሉ እጅ ሆነ።

«ያጠናችሁት የሚጠፋባችሁ እጅ!» አሁንም ሁሉም አወጡ።

«አያችሁ! ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። አእምሯችሁ አልነቃም። እኛ እናነቃዋለን!» አለና ከቦርሳው ብርቱካናማ ፈሳሽ የሞላበት ብልቃጥ አወጣ። ላዩ ላይ «የአእምሮ ማነቃቂያ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ከጽሑፉ ሥር ብርሃን የሚተፋ ጭንቅላት ተሥሏል። ዳይሬክተሩ አጨበጨበ። ዳይሬክተሩ ካጨበጨበ ደግሞ መምህራኑ ያጨበጭባሉ። እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትሁ፤ ያን ያህል ጀግንነት ነበር የቀረኝ።

ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ በእረፍት ሰዓት ብልቃጡ በየዴስኩ ሥር ታየ። ልጆቻችን አብዛኞቹ ከገጠር ቀበሌ መጥተው ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ዓርብ ወደ ወላጆቻቸው ይወርዳሉ፣ እሑድ በሶና ባቄላ ተሸክመው ይመለሳሉ። ያንን ስንቃቸውን ነበር ገበያ አውጥተው የሸጡት። ዘጠነኛ ክፍል ከፊት ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ተማሪዬ፣ ቀጭን፣ ነገር የማይዋጥላት ልጅ፣ የሳምንት ባቄላዋን ሸጣ አንድ ብልቃጥ ገዝታ መጣች።

«ምን ልትበዪ ነው?» አልኋት።

«ጓደኛዬ ታበላኛለች፣ ቲቸር።»

«ይሄ ነገር እንደሚሠራ በምን አወቅሽ?»

«ከሌላ ክፍል አንዱ ጠጥቶ ሒሳብ ደፈነ።»

«ባይጠጣስ ኖሮ ስንት ያመጣ ነበር?»

ትክ ብላ አየችኝ። «ጠጥቷል እኮ ቲቸር!» አለች፤ ይህን እንዴት አይረዱም በሚል ድምፅ።

የሚያናድደው ልክ በዚያው ሳምንት የመጀመሪያውን ምዕራፍ፣ የሥነ ሕይወት መግቢያንና የሳይንስ ዘዴን፣ አስተምሬ መጨረሴ ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። «ሃይፖቴሲስ ምንድን ነው?» ስላቸው ክፍሉ በሙሉ ትርጉሙን አንድ ቃል ሳያጎድል በአንድ ድምፅ ይወርደዋል። ምን ማለት እንደሆነ በአማርኛ ስጠይቅ ጸጥ ይላሉ። ይህን ያስተማርናቸው እኛ ነን። በትምህርት ቤታችን ሙከራ ማለት ሰሌዳ ላይ የብርጭቆ ሥዕል መሣል ነው። ላብራቶሪያችን የተሰበረ ዴስክ የሚከመርበት ክፍል ነው። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ዴስኩ ወደ ጓሮ ይወጣል፤ ሱፐርቫይዘሩ ባዶውን ክፍል አይቶ «ጥሩ ነው፣ ሰፊ ነው» ብሎ ይሄዳል፤ ዴስኩም ይመለሳል።

ማታውን ቤቴ ሆኜ ሳስብ አንድ ነገር መጣልኝ። ብልቃጡን ከልጅቷ ተውሼ በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። እዚያ የምትሠራ ነርስ አለች፤ እንደኔው የእስቴ ልጅ ናት፣ በአገር ልጅነት እንቀራረባለን። ክዳኑን ከፍታ አሸተተች፤ ጣቷ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ሳቀች።

«ይሄማ የሕፃናት ቪታሚን ነው። ምግብ እንቢ ላለ ልጅ የምንሰጠው። የፋብሪካውን ወረቀት ልጦ የራሱን ለጥፎበታል።»

«ይጎዳቸዋል?»

«በማንኪያ ከሆነ ምንም አያደርጋቸውም። ጭንቅላትም አይከፍትላቸውም።»

ያሰብሁትን ነገርኋት። የክፍሌ ልጆች ለሁለት ይከፈላሉ፤ ግማሾቹ ቪታሚኑን፣ ግማሾቹ ስኳር ውሃ ይጠጣሉ። ስኳር ውሃው ቀለሙም ጣዕሙም እንዲመሳሰል የብርቱካን ጁስ ዱቄት ይገባበታል። የምታዘጋጀው እሷ ናት፤ ከጤና ጣቢያው ከራሳቸው ቪታሚን ቀድታ በሁለት ዕቃ ትልክልኛለች፤ አንዱን በቀይ ክር፣ አንዱን በአረንጓዴ ክር ታስራለች። የቱ የቱ እንደሆነ ለእኔም አትነግረኝም።

«ለአንተ ለምን አልነግርም?»

«ካወቅሁ ፊቴ ይናገራል። ልጆቹ ደግሞ ከመጽሐፉ ይልቅ የእኔን ፊት ነው የሚያነቡት።»

ዳይሬክተሩን አስፈቀድሁ። ስልኩን እየነካካ ሰማኝና «ማስተማሪያ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ብቻ እንግዳችንን እንዳታስቀይምብኝ» አለ።

ለልጆቹ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ከሁለቱ አንዱ ባዶ ስኳር ውሃ መሆኑን ጭምር። መግባት ያልፈለገ አይገደድም አልሁ። ሁሉም ፈለጉ። ባርኔጣ ውስጥ ሽምብራና ባቄላ ቀላቅዬ ዓይናቸውን ጨፍነው አወጡ፤ ሽምብራ የደረሰው ከቀዩ፣ ባቄላ የደረሰው ከአረንጓዴው ይጠጣል። የማስታወስ ፈተናው በግዕዝ ቃላት ይሁን ብዬ ነበር። አንድ ዲያቆን ተማሪ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ግዕዝ ከሆነማ እኔ ውሃ ብጠጣም እበልጣለሁ። ቤተ ልሔም የአብነት ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ።»

በዚያ ክፍል ባስተማርሁበት ዘመን ሁሉ ከሰማሁት ንግግር የመጀመሪያው ሳይንሳዊ ንግግር ይሄ ነበር። ሰውነቴን ደስ የሚል ነገር ወረረኝ። ግዕዙን ትተን ምንም ትርጉም የሌላቸው ቃላት ፈጠርን፤ ጰቁሜ፣ ዥራፎ፣ ቸንጢራ የመሳሰሉ። ዐቢይ ጾም ስለነበር የሚጾሙት እንዳይቸገሩ የሚጠጡት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሆነ። በየቀኑ አንድ አንድ ማንኪያ እቀዳላቸዋለሁ፤ ከዚያ ሰሌዳ ላይ ቃላቱን ጽፌ አሳያቸዋለሁ፤ አጠፋዋለሁ፤ ያስታወሱትን ይጽፋሉ።

ገና በሁለተኛው ቀን ምስክርነቱ ይዥጎደጎድ ጀመር። አንዱ ጆሮው እንደጠራለት ተናገረ። ሌላው ሌሊት በሕልሙ እንግሊዝኛ አወራ። ባቄላዋን የሸጠችው ልጅ፣ ባቄላ ደርሷት ከአረንጓዴው የምትጠጣው፣ «ቲቸር፣ እዚህ ጋ ሲከፈት ይሰማኛል» ብላ ግንባሯን አሳየችኝ። እኔ ዝም ብዬ እቀዳለሁ። ውጤታቸው ደግሞ በእርግጥ ከቀን ወደ ቀን ይጨምር ነበር። ለምን እንደሚጨምር ግን ዓይን ላለው ግልጽ ነው፤ ዲያቆኑ ቃላቱን በዜማ እያደረገ ሲይዛቸው አዩና ሁሉም እንደሱ ማዜም ጀመሩ። ክፍሌ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ጰቁሜ ዥራፎ» እያለ ያስቀድስ ነበር።

በሳምንቱ የሁለቱን ቡድን አማካይ ሰሌዳ ላይ ጻፍሁ። የሚለያቸው ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ነርሷ መጣችና «አረንጓዴው ስኳር ውሃ ነው» አለች።

 ሽምብራዎቹ በባቄላዎቹ ሳቁ። ባቄላ ሻጯ ልጅ ፊቷ ጠቆረ።

«እኔ ዋሽቼ አይደለም፤ ተሰምቶኛል» አለች።

«አልዋሸሽም። ስለተሰማሽ ብቻ ግን እውነት አይሆንም። ለዚህ ነው ኮንትሮል የሚያስፈልገን፤ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ መድኃኒቱ ብቻ የጎደለበት ቡድን። ያለሱ...»

«መሳቂያ አደረጉኝ!» አለችና ደብተሯን ይዛ ወጣች። ተከትያት ልወጣ ነበር። አንዱ እጁን አወጣና መለሰኝ።

«ቲቸር፣ እንግዲያው ስኳር ውሃው ይሻላላ! እኩል ይሠራል፤ ደግሞ ይረክሳል። ለምን ነርሷ አታዘጋጅልንም?»

ክፍሉ አጨበጨበለት። ነርሷ ሳቋን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔ ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ።

የባሰውን ያመጣው ግን ዳይሬክተሩ ነው። ውጤቱን እንዳስረዳው ቢሮው ጠራኝ። አስረዳሁት። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝና «ሽሮፑን የጠጡት ከመጀመሪያው ቀን አሻሽለዋል ወይስ አላሻሻሉም?» አለኝ።

«አሻሽለዋል። ያልጠጡትም...»

«እሱን ተወው። አሻሽለዋል።»

«ዳይሬክተር፣ እሱን ከተውነው እኮ ምንም አልቀረም።»

«አንተ ነገር ታከብዳለህ» አለና አሰናበተኝ።

ከፋሲካ በኋላ አሰልጣኙ ሁለት ካርቶን ሙሉ ብልቃጥ ይዞ ተመለሰ። ዳይሬክተሩ ሰልፍ ላይ ድምፅ ማጉያውን ተቀብሎ «ሽሮፑ በትምህርት ቤታችን በባዮሎጂ መምህራችን በሳይንሳዊ መንገድ ተሞክሯል! በአንድ ሳምንት የተማሪዎቻችን የማስታወስ ችሎታ ማደጉ ተረጋግጧል!» አለ። አሰልጣኙ በእጁ ወደ እኔ አመለከተና «ጭብጨባ ለመምህራችን!» አለ። ሜዳው አጨበጨበልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የተጨበጨበልኝ ጊዜ የለም።

ከመምህራኑ መስመር ወጥቼ ዳይሬክተሩ አጠገብ ደረስሁ። «ግማሹን ብቻ ነው የተናገሩት። ስኳር ውሃ የጠጡትም እኩል አድገዋል፤ ይንገሯቸው» አልሁት። ድምፅ ማጉያውን በመዳፉ ሸፈነ። «አሁን ጊዜው አይደለም» አለኝ በጥርሱ መካከል፤ ፊቱ ለተማሪዎቹ ፈገግ እንዳለ ነው።

ይሄኔ ከዘጠነኛ ክፍል ሰልፍ የሴት ልጅ ድምፅ ወጣ፦ «ኮንትሮሉስ?»

ያቺው ልጅ ናት። ከዚያን ቀን ወዲህ ክፍል ትገባለች እንጂ ቀና ብላ አይታኝ አታውቅም ነበር።

አሰልጣኙ ጥያቄ ሲመጣለት የሚያሳየውን ፈገግታ አሳያት። «በጣም ጥሩ ጥያቄ! ኮንትሮልም አለው! ቪታሚንም አለው፣ ኮንትሮልም አለው፤ ሁሉም ተሟልቶ ነው የተሠራው!»

የዘጠነኛ ክፍል ሰልፍ በሳቅ ፈረሰ። ዲያቆኑ ሆዱን ይዞ ቁጢጥ አለ። ሌሎቹ ክፍሎች ምን እንደሚያስቅ ሳይገባቸው እርስ በርሳቸው ይተያዩ ነበር። አሰልጣኙ ሳቁን የፍቅር መስሎት አብሮ ሳቀ፤ እጁንም አውለበለበላቸው።

ሽሮፑ አልተሸጠም ብል ደስ ባለኝ። ተሸጠ። አሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ካርቶኑ ላይ ተረባረቡ። ከእኔ ልጆችም የገዙ አሉ። ሲስቅ ያየሁትን አንዱን ብልቃጥ ይዞ አገኘሁትና «አንተም?» አልሁት። መሬት መሬት እያየ «ቲቸር፣ እንደማይሠራ አውቃለሁ። ግን ሁሉም ጠጥቶ እኔ ብቻ ሳልጠጣ ፈተና ብወድቅ አባቴን ምን እለዋለሁ?» አለኝ። እሱን መናቅ አልቻልሁም። ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። ንቀቴን በሙሉ ሰብስቤ ለሁለቱ ድምፅ ማጉያ ተቀባባዮች አዋልሁት፤ ለእነሱም ተርፎ ነበር።

ልጅቷ በሳምንቱ ከክፍል ስወጣ ጠብቃ አነጋገረችኝ። የራሷን ብልቃጥ ገጠር ወስዳ፣ ነርሷን አስፈቅዳ፣ እህል እንቢ ይል ለነበረው ለታናሽ ወንድሟ ሰጥታዋለች።

«አሁን ይበላል?»

«ይበላል። ግን በሽሮፑ ይሁን በሌላ ነገር አላውቅም፣ ቲቸር። ያለኝ አንድ ወንድም ነው፤ ከማን ጋር አነጻጽረዋለሁ?» አለች። ፈገግ አላለችም፤ ከልቧ ነበር የምትጠይቀው። እስኪመሽ ቆመን ስለዚሁ አወራን።

ዓመቱ ሲዘጋ የመምህራን ስብሰባ ነበር። ዳይሬክተሩ የምስጋና ወረቀት አሳትሞ ያድላል። ለእኔም ደረሰኝ፤ «ትምህርትን ከተግባር ጋር በማዛመድ ላሳዩት ትጋት» ይላል። ስሜ ተጠራ፤ ሰው አጨበጨበ። አልተነሳሁም። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን እንደዘረጋ ትንሽ ቆየና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደሚቀጥለው ስም አለፈ።

«ብትነሳ ምን ነበረበት? ወረቀት እኮ ነው» አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው የሒሳብ መምህር።

«ወረቀት ስለሆነ ነው» አልሁት።

ስብሰባው ሲያልቅ ዝናቡ ይወርድ ስለነበር ማንም ወደ ቤቱ መሄድ አልቻለም። ሁላችንም፣ ዳይሬክተሩም ጭምር፣ ከጣራው ሥር ተጠጋግተን ቆመን ግቢው ጭቃ ሲሆን እናይ ነበር። ከጎኔ ነው የቆመው። አንድ ጊዜ «ዘንድሮ ክረምቱ ቶሎ ገባ» አለ። ጭቃውን ማየቴን ቀጠልሁ።