ዝምታ ያስተማርኩት ፈረስ

ከደባርቅ ወደ ዳባት ውረዱ የሚል ትእዛዝ ሲደርሰን ነሐሴ ነበር። ከመንገዱ በላይ ያለ አንድ ጉብታ እንድንይዝ ተነገረን። መኪና ስለማይወጣው ጥይትና ውኃ የሚያመላልሱ ስድስት ፈረሶች ከገበሬ ተሰበሰቡ። እኔ የደረስጌ ልጅ ስለሆንኩ ፈረስ ያውቃል ተብዬ ለነሱ ተመደብኩ። የማውቀው ግን መጋለብ ብቻ ነበር።

ከስድስቱ አንዱ መልኩ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ዳማ ነው፤ ገና ሦስት ዓመቱ። ከበየዳ ከእናቱ ጋር መጣ። ባለቤቱ አያ ስጦት የሚባሉ ሽማግሌም ከብቶቼን አልለይም ብለው ተከትለው መጥተዋል። ፈረሶቹን ከጉብታው ሥር ገደል ተገን አድርገን ደበቅናቸው። ሁለት አብረው ከወጡ ስለሚታዩ አንድ በአንድ ነበር የምናወጣቸው። ዳማው ታዲያ ከመንጋው ሃያ እርምጃ ሲርቅ ላብ ያጠምቀዋል፣ መሬት ይቆፍራል፣ ከዚያ ያሽካካል። ባሽካካበት ቦታ ሞርታር ይወድቃል። በሁለተኛው ቀን አንድ ጓዳችን በዚሁ ምክንያት ሞተ።

የመቶ መሪያችን ጠራኝ። «እስከ እሑድ ዝም ካላለ በጥይት ትገላግለዋለህ» አለኝ።

አያ ስጦት ይህን ሲሰሙ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«ልጄ፣ እንዳትመታው። ሳይጮህ መልሰው። ከጮኸ በኋላ ከመለስከው፣ ጩኸቴ ነው የመለሰኝ ይላል።»

በመጀመሪያው ቀን አሥር እርምጃ ወስጄ መለስኩት። ቀጥሎ አሥራ አምስት። ከዚያ መንጋው ከማይታይበት አንድ ጽድ ሥር ወስጄ ገብስ አበላዋለሁ፤ ገመዱን መሬት ላይ ጥዬ እደበቃለሁ። ዝም ብሎ ከቆመ መጥቼ ወደ እናቱ እወስደዋለሁ። አንዴ ቸኩዬ አብዝቼ ቆየሁበትና ጮኸ፤ እንደገና ከአሥር እርምጃ ጀመርን። ሰደብኩት። እሱስ ምን ያድርግ? እኔም ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ ሆዴ እየባባ ነበር።

ቅዳሜ ውኃ ጭኖ ጉብታው ላይ ወጣ። ትንፍሽ አላለም። ሰይድ የሚባል የደባርቅ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ ከሁላችንም ተጫዋች፣ ጆሮውን እያሻሸ «አንተስ ከኛ በለጥክ፤ እኔ እናቴ ስትናፍቀኝ ሰፈር ነው የማውከው» አለው። ሳቅን። እኔም ኮራሁ፤ አልዋሽም።

እሑድ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩስ ተከፈተ። ጉሙ የገዛ እጃችንን ሸፍኖብናል። ግራው «ጥይት!» ይላል። ቀኙ «ጥይት!» ይላል። ወገንና ጠላት አልለየንም። አንድ ጊዜ ከኋላችን ወደመጡ ሰዎች ተኮስን፤ ማን እንደነበሩ እስከ ዛሬ አናውቅም። ሰይድ ጭኑን ተመታ። በፎጣዬ አሰርኩትና ጥይት አምጥቶ በነበረው ዳማ ላይ አውጥቼው ቁልቁል ወረድን። ጽዱ ጋ ስንደርስ ከላይ ድምፅ መጣ።

«ቀኙ ተከፈተ! ሁሉም ሰው ወደ ላይ!»

ገመዱን መሬት ላይ ጣልኩት። «ሰይድ፣ አሁን መጣሁ» አልኩ።

«ሂድ፣ እኔና ዳማው እናወራለን» አለኝ።

ጉብታውን ለቀቅን፤ መልሰን ያዝን። እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ። አምስት ሰዓት ላይ ተኩሱ ሲበርድ አያ ስጦት መንጋውን ወደ ኋላ አሽሽተውት ነበር፤ ዳማው ግን እነሱ ዘንድ አልደረሰም። በሌላ በኩል ስለወረድን ጽዱ የቱ እንደሆነ ጠፋብኝ። በጉሙ ውስጥ ዛፍ ሁሉ አንድ ነው። ሰይድን ተጣራን፤ መልስ የለም። ፈረሱ ቢያሽካካ ድምፁን ተከትለን እንሄድ ነበር። ቆሜ አዳመጥኩ። ምንም አልሰማሁም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉሙ ተገለጠ። ዳማው ሁለት ጊዜ ካለፍንበት መንገድ አርባ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ጽዱ ሥር ቆሟል። ገመዱ እንደጣልኩት ነው። ሰይድ ፈረሱ አንገት ላይ ተደፍቶ ሞቷል፤ ገላው ገና አልቀዘቀዘም። ፈረሱ እኔን ሲያይ ወደ እናቱ እንድወስደው ጠጋ አለኝ።

በዚያ ጉብታ ስድስት ሰው አጣን። አምስቱን እዚያው ቀበርን። ያን ቀን ዳማው ቢጮህ ሰይድን በሕይወት እናገኘው ነበር፤ ወይም ሞርታሩ ቀድሞን ያገኘው ነበር። ይህን ሳወጣ ሳወርድ ስንት ዓመት አለፈ፤ አሁንም አልጠራልኝም።

ሰይድን ደባርቅ ወስደን ለአባቱ አስረከብን። «ልጄ ብቻውን ነበር?» አሉኝ።

«ፈረስ አብሮት ነበር፣ አባባ።»

«ታዲያ ፈረሱ አልጮኸም?»

«አልጮኸም» አልኳቸው። ለምን እንዳልጮኸ ግን አልነገርኳቸውም። እሳቸውም ሞቱ፤ ለሳቸው ያልነገርኩትን ነው ዛሬ ለእናንተ የምነግራችሁ።